የጡትና የጉርሻ ዋጋ፦ አምስት ቀናት በሞንግ ሠርግ

ሐሙስ፣ ሴንት ፖል

አውሮፕላናችን የሴንት ፖል ጎረቤት በሆነችው የሚኒሶታዋ ሚኒያፖሊስ ያረፈው ረፋድ ላይ ነው። ቨርጂንያ ውስጥ የጥቅምት ፀሐይ ገና ትሞቃለች፤ እዚህ ግን ነፋሱ ጆሮ ይቆነጥጣል፣ ዛፎቹም ከላይ እስከ ታች ቀልተዋል። ጓደኛዬ የመኪናዋን ሞተር ሳታጠፋ ትጠብቀኝ ነበር። የተዋወቅነው ከአሥር ዓመት በፊት በአንድ ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ አብረን ስንሠራ ነው። እርሷ ወደ ወላጆቿ ከተማ ተመለሰች፣ እኔ እዚያው ቀረሁ፤ ስልካችን ግን አልተቋረጠም። ባለፈው ወር ደውላ፣ «ታናሽ ወንድሜ ሊያገባ ነው። ያን ሁሉ ሌሊት ስትጠይቂኝ የነበረውን ነገር መጥተሽ በዓይንሽ እዪው» አለችኝ።

ስጠይቃት የነበረው ስለ ገንዘቡ ነው። የሞንግ ቤተሰብ ሴት ልጁን ሲድር ከወንዱ ወገን ገንዘብ ይቀበላል፤ አሜሪካ ውስጥ ባብዛኛው ከ5,000 እስከ 10,000 ዶላር። በእንግሊዝኛ «የሙሽራ ዋጋ» ይሉታል፤ ስሙን የሰማ ሁሉ ገበያ ይታየዋል። እኔም ጥሎሽ በሚጣልበት አገር ተወልጄ፣ አክስቶቼ ስንት ጥገትና ስንት ጥማድ በሬ እንደመጣላቸው ሲጫወቱ እየሰማሁ አድጌ፣ ይህን ቃል ስሰማ የታየኝ ያው ገበያ ነበር። ወደዚህ ያመጣኝም ያ ሥዕል እውነት መሆን አለመሆኑን የማየት ፍላጎት ነው።

ሞንጎች የደቡብ ቻይና፣ የቬትናም፣ የላኦስና የታይላንድ ደጋማ ምድር ሰዎች ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ በላኦስ ተራሮች ላይ በጄኔራል ቫንግ ፓኦ መሪነት አስታጥቆ አዋጋቸው። በ1975 ጦርነቱ በሽንፈት ሲያበቃ፣ የተረፉት የሜኮንግን ወንዝ እየተሻገሩ ታይላንድ ውስጥ ወደሚገኙ የስደተኛ ጣቢያዎች ገቡ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከ300,000 በላይ ናቸው። የሴንት ፖልን ያህል ብዙ ሞንግ የሚኖርበት ከተማም በአገሪቱ የለም። በዩኒቨርሲቲ አቬኑ ስናልፍ የሞንግ የሒሳብ አዋቂ ቢሮ፣ የቬትናም ሾርባ ቤትና የሐበሻ ምግብ ቤት ተከታትለው አየሁ። ሁለት የስደት ሕዝቦች በአንድ ጎዳና እየኖርን ስለ አንዳችን ሠርግ ሌላችን ምንም አለማወቃችን አሳዘነኝ።

ከቤት በፊት ሞንግታውን ገበያ ገባን። በ2004 የተከፈተ፣ ቀድሞ የጣውላ መሸጫ የነበረ ግቢ ነው። የጓደኛዬ እናት ከጥልፍ ሻጮቹ ዘንድ ነበሩ። ነጭና ጥቁር ሸንተረር ያለበትን ረጅም የራስ ጥምጥም ጨርቅ በሁለት ጣታቸው እያሹ፣ ክሩን ወደ ብርሃን እያዩ ሦስት ሱቅ አዞሩን። ለማን እንደሆነ ስጠይቅ «ለጃንጥላው» አሉኝ። አልገባኝም፤ እርሳቸውም አላስረዱኝም።

ቤት ስንደርስ ሩዝ እያጠበች ያገኘኋት ወጣት ራሷ ሙሽራዋ ሆና ተገኘች። ሠርጉ ቅዳሜ ነው፤ እርሷ ግን ማክሰኞ ማታ ገብታለች። የሞንግ ሠርግ አካሄድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ተፈቃቅረው ከሆነ ልጅቱ አስቀድማ ከወንዱ ጋር ወደ ቤቱ ትሄዳለች። ደጃፉ ላይ አንድ ሽማግሌ በሕይወት ያለ አውራ ዶሮ ይዘው በሁለቱ ራስ ላይ እያዞሩ ይመርቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ደፉን የምትሻገረው። በማግሥቱ ሁለት መልእክተኞች ሲጋራ ይዘው ወደ ወላጆቿ ይላካሉ፤ ሲጋራውን እጅ መንሻ አድርገው፣ ተንበርክከው «ልጃችሁን አትፈልጓት፣ እኛ ዘንድ ናት» ይላሉ።

ጓደኛዬ የዶሮውን ነገር ቀለል አድርጋ ነገረችኝ፤ እኔ ግን ቀለል አላለልኝም። «ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነፍሷ በእኛ ቤት መናፍስት ጥላ ሥር ናት። ብትሞት የምንቀብራት እኛ ነን። በአባቷ ቤት መውለድም መሞትም አትችልም።» ልጅቱ 24 ዓመቷ ነው፤ በጥርስ ሐኪም ቤት ትሠራለች። ሩዙን አጥባ ስትጨርስ እጇን በፎጣ ጠርጋ ጨበጠችኝ።

ዓርብ፣ ሴንት ፖል

ጎሕ ሳይቀድ ቀሰቀሱኝ። የፊት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ብርዱ ሳሎኑን ሞልቶታል። አንድ አረጋዊ ደጃፉ ላይ ቆመው ወደ ውጭ ይጣራሉ። ከፊታቸው ባለው ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ሩዝ የሞላ ጎድጓዳ ሳሕን፣ በሩዙ ላይ የቆሙ እንቁላሎች፣ የሚጤስ ዕጣንና ሁለት ዶሮዎች አሉ። ይህ «ሁ ፕሊ» ነው፤ ነፍስ መጥራት። ሙሽራዋ በአካል ብትመጣም ነፍሷ በመንገድ ቀርታ ወይም ለእናቷ ቤት ሳስታ ተመልሳ ሊሆን ይችላል፤ በሦስተኛው ቀን ተጠርታ ትገባለች። ሽማግሌው ለሁለት የተሰነጠቀ ቀንድ መሬት ላይ እየጣሉ፣ አወዳደቁን እያዩ፣ ነፍሷ መምጣት አለመምጣቷን ይጠይቃሉ። ሦስቴ ጣሉ። በሦስተኛው አንገታቸውን ነቀነቁና በሩ ተዘጋ።

ዶሮዎቹ ተቀቅለው ሲወጡ እግራቸውን ከበው መረመሩት። የጣቶቹ አተጣጠፍ ገላጭ ነው፤ ተስማምተው ከታጠፉ ጋብቻው ይስማማል። ቀጥሎ ዘመድ ሁሉ ነጭ ክር ይዞ ተሰለፈ። እያንዳንዱ በሙሽሮቹ የእጅ አንጓ ላይ እያሰረ ይመርቃል፦ ዕድሜ፣ ልጅ፣ ጤና። የጓደኛዬ አያት ለእኔም አሰሩልኝ። ጣታቸው የደረቀ እንጨት ይመስላል፤ ቋጠሮው ግን የጠበቀ ነው። ያሉትን ጓደኛዬ ስትተረጉምልኝ፣ «ነፍስሽ ከአገርሽ ርቃ እንዳትቅበዘበዝ» ነበር። መልስ መስጠት አቅቶኝ ዝም አልሁ።

ማታ የወንዱ ወገን ሁለት ተደራዳሪዎች መጡ። «ሜይ ኮንግ» ይባላሉ፤ ከእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት ናቸው። በእኛ ቋንቋ ሽማግሌ ብላቸው ይቀርባል፣ ግን ከዚያ ይበልጣሉ፤ ለእያንዳንዱ ሥርዓት የተወሰነ ዜማ አለና ግጥሙን በቃል የያዙ የሠርግ አዋቂዎችም ናቸው። አንደኛው ስድሳዎቹን ያለፉ፣ በሥራ ቀን የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዱ ሰው ናቸው። ዜማውን የተማሩት ከአጎታቸው ከተቀዳ የቴፕ ካሴት፣ በመንገድ ላይ እየነዱ እንደሆነ ነገሩኝ።

ጃንጥላውን ያኔ አየሁት። ጥቁር፣ ተራ ጃንጥላ ነው፤ ከማንኛውም ሱቅ የሚገዛ። እናትየው የመረጡት ሸንተረር ጨርቅ አለበት። ይህ ጃንጥላ የሠርጉ አደራ ነው። ወደ ሴቷ ቤት ይሄዳል፣ እዚያ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ስምምነቱ ሲያልቅ በጨርቁ ተጠምጥሞ ይመለሳል። ያለ እርሱ ሙሽራ ይዞ መውጣት የለም።

ስለ ገንዘቡ ጠየቅኋቸው። በእንግሊዝኛ የሚጠራበትን ስም ስናገር ሽማግሌው ፊታቸው ተከፋ። «እኛ እንደዚያ አንለውም» አሉ። «ንጊ ሚ ንጊ ኖ» ነው የሚባለው። ጓደኛዬ «የወተትና የምግብ ዋጋ» ብላ ተረጎመችልኝ። እናት ያጠባችው፣ አባት ያበላው ማለት ነው። እኔ በአማርኛ «የጡትና የጉርሻ ዋጋ» ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁት። ሽማግሌው ቀጠሉ፦ «ነገ የማወራው ስለ ገንዘብ ይመስልሻል። ነገ የምፈርመው በራሴ ላይ ነው። እነዚህ ልጆች ከአሥር ዓመት በኋላ ቢጣሉ፣ የሴቲቱ ዘመዶች መጀመሪያ የሚደውሉት ለእኔ ነው።»

የእኛን የሰማንያ ጋብቻ አስታወሱኝ። እዚያም የውል አባት አለ፤ ባልና ሚስት ሲካረሩ የሚጠራው፣ የሚጠየቀው እርሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ዋሶ

ወደ ሙሽራዋ ወላጆች ቤት በሦስት መኪና ወጣን። የሴንት ክሩዋን ወንዝ ተሻግረን ዊስኮንሲን ገባን፤ ኦ ክሌርን አልፈን በ29 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ነዳን። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ዋሶ ስንቃረብ በጥቁር መረብ የተጠለሉ ማሳዎች ከመንገዱ ግራና ቀኝ ታዩ። ጂንሰንግ ነው፤ ይህ አውራጃ በአሜሪካ ትልቁ አብቃይ ነው፣ ከገበሬዎቹም መካከል ሞንጎች አሉ። ሙሽራዋ በመካከለኛው መኪና ውስጥ ከሙሽራው ያላገባች የአጎት ልጅ ጎን ተቀምጣለች። ይህች ልጅ እስከ ፍጻሜው ከጎኗ አትለይም፤ ቀንም ሌሊትም።

በሩ ተዘግቶ ጠበቀን። የእኛ ሜይ ኮንግ ጃንጥላውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ብርዱ ላይ ቆመው ዜማቸውን ጀመሩ። ዝቅ ብሎ የሚነሣ፣ መጨረሻው ላይ የሚጎተት፣ እንደ ልቅሶም እንደ ቅኔም ያለ ድምፅ ነው። ከውስጥ መልስ መጣ። ጠየቁ፣ ተመለሰላቸው፣ እንደገና ጠየቁ። ሲከፈት እጄ ደንዝዞ ነበር። ጃንጥላው ለሴቷ ወገን ሜይ ኮንግ ተሰጠና ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ ከሥሩ ረጅም ጠረጴዛ ተዘረጋ።

ሁሉም ነገር በጥንድ ነው። ሁለት ሁለት ሽማግሌ፣ ሁለት ሁለት ብርጭቆ፤ የሚጠጣውም ሁለት ሁለት። አባቶቹ ጠረጴዛው ዘንድ አልነበሩም። የሙሽራዋ አባት በአንድ ክፍል፣ የሙሽራው አባት በሌላ ክፍል ተቀምጠዋል፤ ቃላቸውን የሚያመላልሱት ሜይ ኮንጎቹ ናቸው። ይህ ብልህነት ነው አልሁ በልቤ። አባት ለአባት ፊት ለፊት ቢናገሩ አንዲት ክፉ ቃል ዕድሜ ልክ ትኖራለች፤ በአማላጅ አፍ ግን እሾኋ ተነቅሎ ትደርሳለች።

ገንዘብ ይነሣል ብዬ ስጠብቅ ሌላ ነገር ተነሣ። የሙሽራዋ ወገን የቆየ ቂም አመጡ። ታይላንድ ውስጥ በባን ቪናይ የስደተኞች ጣቢያ፣ ከአርባ ዓመት በፊት፣ ከሙሽራው ጎሳ የሆነ ሰው ከእነርሱ ጎሳ አንዲትን ልጅ ወደ ቤቱ ወስዶ፣ ጥቂት ቀን አስቀምጦ ሳያገባት መልሷታል። ያቺ ልጅ ዛሬ ካሊፎርኒያ የምትኖር አያት ናት፤ ወንድየውም ሞቷል። ነገሩ ግን ዛሬም በእዚህ ጠረጴዛ ላይ ሕያው ነው። ሞንጎች በ18 ጎሳዎች ይቆጠራሉ፤ ቫንግ፣ ያንግ፣ ሺዮንግ፣ ሊ፣ ታኦ፣ ሙዋና ሌሎችም። በአንድ ጎሳ ውስጥ መጋባት ፈጽሞ ክልክል ስለሆነ ጋብቻ ሁልጊዜ የሁለት ጎሳ ጉዳይ ነው፤ የድሮው ዕዳ ሳይወራረድ አዲሱ አይጀመርም።

አንድ ሰዓት ሙሉ ስለዚያች ሴት ተነጋገሩ። በመጨረሻ የ200 ዶላር ካሳ ተቆረጠ። 200 ዶላር ምንም አይደለም። የሙሽራው ወገን ወንዶች ግን ለማያውቋት ሴት፣ እነርሱ ላልሠሩት በደል፣ አንድ በአንድ ተንበርክከው ግንባራቸውን ወደ ምንጣፉ ዝቅ አደረጉ። ጠረጴዛው ዘንድ የነበሩ አንድ ትልቅ ሰው ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ፤ ወንድሟ መሆናቸውን በኋላ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ የገንዘቡ ነገር አጭር ነበር። 8,000 ተጠየቀ፤ ቃል ሄደ፣ ቃል መጣ፤ በ6,500 ተስማሙ። አዲስ መቶ መቶ ኖቶች በትሪ ላይ ተደረደሩ፤ አራቱም ሽማግሌዎች በየተራ ቆጠሩ። በኖቶቹ ላይ የሙሽራው አባት ያስቀመጡት አንድ የብር ዘንግ ነበር፤ እንደ አሞሌ ጨው ረዘም ያለ፣ ጠርዙ የደበዘዘ፣ ከላኦስ በልብስ ውስጥ ተሰፍቶ የመጣ። በላኦስ ተራሮች ይህ ዋጋ የሚከፈለው በእንዲህ ያለ ብርና ፈረንሳዮች በኢንዶቻይና ባሠሩት የብር ሳንቲም ነበር። በእኛም አገር አያቶቻችን ጥሎሽ የቆጠሩት በማርያ ቴሬዛ ብር ነው። ዘንጉን እንድይዘው ፈቀዱልኝ። ከጠበቅሁት ይከብዳል፣ ይበርዳልም።

«ፔ» ተከተለ፤ ስግደት። ሙሽራውና ሚዜው ለሙሽራዋ ቤት መናፍስት፣ ለሞቱት አያቶች፣ ለአባት፣ ለእናት፣ ለእያንዳንዱ አጎት፣ ስማቸው በተጠራ ቁጥር ተንበርክከው ይሰግዳሉ። መቁጠር ጀምሬ አርባ ላይ ተውሁት። ሲነሡ የምንጣፉ ብናኝ በሙሽራው ግንባር ላይ ተለጥፎ ነበር፤ አልጠረገውም።

ይህን ሁሉ ያየሁት በወጥ ቤቱና በሳሎኑ መካከል እየተመላለስሁ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ወጥ ቤት ናቸው። አሳማው በትልልቅ ድስት ይንተከተካል፤ በርበሬ በሙቀጫ ይወቀጣል። ሙሽራዋ ከአጀቧ ጋር በመኝታ ክፍሏ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ስለ እርሷ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲወራ ማንም አንድ ነገር አልጠየቃትም። ይህ ልቤን ቆረቆረው።

ሽንኩርት ስንከትፍ አንዲት ሴት ከጎኔ ሆና የራሷን ነገረችኝ። ባሏ ይመታት ነበር። ለአባቷ ነገረች፣ አባቷ ለሜይ ኮንጎቹ፣ እነርሱም ለባልየው ጎሳ ሽማግሌዎች። ተሰበሰቡ፣ ባልየውን ገሠጹት፣ እርሷንም «ታገሺ» ብለው መለሷት። ሁለተኛም እንዲሁ። በሦስተኛው ስትወጣ የባልየው ወገን ጥፋቱ የእርሷ ነው ብለው ገንዘቡ እንዲመለስ ጠየቁ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ስላላወጡ ዳኛ ፊት ሚስት መሆኗን ማስረዳት ከባድ ሆነባት። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ አልነበረም። «ባሌ ቤት የለኝም፤ አባቴ ቤት ደግሞ መናፍስቱ አያውቁኝም። ከባድ ሕመም ባመመኝ ጊዜ እናቴ ቤት አልጋ ላይ ልተኛ አልቻልሁም» አለችኝ። ቢላዋዋን አላቆመችም።

ሌሊቱን ሶፋ ላይ ተጋድሜ የተንበረከኩትን ወንዶችና ያችን ሴት አሰብሁ። የተሰበሰቡት ሰዎች ልጅ አልሸጡም፤ ይህን አሁን በሙሉ ልብ እናገራለሁ። ለ200 ዶላር የተንበረከኩት ወንዶች ገበያ ላይ አልነበሩም። ገንዘቡ የገዛው ተጠያቂ ሰዎችን ነው፤ ከአርባ ዓመት በኋላም ቢሆን «ልጃችንን ምን አደረጋችኋት?» ብሎ የመጠየቅ መብትን። ግን ያ መብት በወንዶች እጅ ነው። እነርሱ «ታገሺ» ካሉ ጃንጥላው፣ ዜማው፣ ስግደቱ ሁሉ ተገልብጦ ሴቲቱ ላይ ይወድቃል። ጓደኛዬ ያላገባችው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ነግራኝ አታውቅም።

እሑድ፣ ከዋሶ ወደ ሴንት ፖል

ጠዋት የሙሽራዋ ወገን የሚሰጣትን አወጣ። ብርድ ልብስ፣ ድስቶች፣ በእናቷ እጅ የተጠለፈ ቀሚስ፣ የብር የአንገት ጌጥ፣ ከዘመድ የተሰበሰበ ገንዘብ። እያንዳንዱ ስጦታ ከሰጪው ስም ጋር በደብተር ተጻፈ። አባቷ በመጨረሻ ከክፍላቸው ወጥተው ትናንት በትሪ የመጣውን የብር ዘንግ በመዳፏ አስቀመጡላት። አንድም ቃል አልተናገሩም። እናቷ ግን ጮክ ብለው አለቀሱ።

ጃንጥላው ከግድግዳው ወረደ። የሴቷ ወገን ሜይ ኮንግ በሸንተረሩ ጨርቅ ከጫፍ እስከ እጀታው ጠመጠሙት፤ ቀስ ብለው፣ መታጠፊያውን በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ፣ ሕፃን እንደሚጠቀለል። ከዚያ ለእኛ ሽማግሌ ሰጡ።

ቺፕዋ ፎልስ አካባቢ ከመንገዱ ዳር ባለ መናፈሻ ቆምን። ምሳ በመንገድ መብላት የሥርዓቱ አካል ነው፤ በላኦስ በእግር ሲኬድ ሙሽራይቱን ይዞ በተራራ መካከል የሚበላው ምሳ። የተቀቀለው ዶሮና ሩዝ ከሙሽራዋ ቤት ተቋጥሮ መጥቷል። ከመብላታችን በፊት ሽማግሌው ለቦታው መናፍስት ከሩዙም ከዶሮውም ቆንጥረው ሣሩ ላይ ጣሉ። ለአያቶቻቸው እንግዳ በሆነ ምድር፣ የከባድ መኪኖች ድምፅ ከበስተኋላቸው እያለ፣ አገሩን እንዳወቁት አድርገው በትሕትና ማናገራቸው ደስ አሰኘኝ።

ሙሽራዋ እንጨት ወንበሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ትናንት ስለ አንቺ ሲነጋገሩ ምን ተሰማሽ? አልኋት። ግድግዳውን ተጠግታ ሁሉንም ስትሰማ እንደነበር ነገረችኝ። «እንድናገር ቢጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ምንም ሳይከፈልልኝ ብሄድ ደግሞ ያመኝ ነበር። እናቴ የስጋ ፋብሪካ ውስጥ ቆማ አሳድጋኛለች፤ ያ እንደ ነፃ ነገር እንዲታይ አልፈልግም።» ከዚያ ዝም አለችና፣ «ሴት ልጅ ብወልድ እኔ ጠረጴዛው ዘንድ እቀመጣለሁ» አለች። ባሏ ውኃ ይዞላት መጣ።

ማታ ሴንት ፖል ውስጥ ሁለተኛው ድግስ ነበር፤ ስለ እርሱ የምጽፈው የለኝም፣ ደክሞኝ ተኝቼ ነበር።

ሰኞ፣ ሴንት ፖል

በረራዬ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋቱን ከጓደኛዬ አያት ጋር አሳለፍሁ። ዢየንግ ኩዋንግ በተባለው የላኦስ አውራጃ ነው የተወለዱት። በአሥራ አምስት ዓመታቸው፣ በሞንግ አዲስ ዓመት፣ ወጣቶች ትይዩ ተሰልፈው ኳስ በሚወራወሩበት ሜዳ አንድ ሰው አያቸው። አመሻሽ ላይ ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ እጃቸውን ይዞ ወሰዳቸው። «ዚ» ይባላል። ጮኹ፤ ያየው ሰው ሥርዓት ነው ብሎ አለፈ። ደጃፉ ላይ ዶሮው ዞረባቸው፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። በአራት የብር ዘንግ ነገሩ አለቀ። «ክፉ ሰው አልነበረም» አሉ ስለ ባላቸው። «ግን ኳሱን ስወራወር የነበረው ከሌላ ልጅ ጋር ነበር።» ስሙን ነገሩኝ፤ እዚህ አልጽፈውም።

ጓደኛዬ ስትተረጉም ድምፅዋ ተሰበረ። ይህን ታሪክ እርሷም ሙሉውን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

እኔ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለሁም። የአያቴ እኅት ከምንጭ ውኃ ስትቀዳ ተጠልፋለች። በኢትዮጵያ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር፤ ይህ ቀዳዳ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው። አሜሪካም ብትሆን እጇ ንጹሕ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 በካሊፎርኒያዋ ፍሬስኖ፣ አንዲትን የሞንግ ተማሪ ወስዶ አስገድዶ የደፈረ ወጣት፣ ባህሌ ነው ብሎ ተከራክሮ ክሱ ወደ ሕገወጥ እገታ ዝቅ ተደርጎለት 120 ቀን እስራት ብቻ ተፈርዶበታል። ስለ ባህል በፍቅር መጻፍ እወዳለሁ፤ ይህን ግን ባህል ብዬ ልጠራው አልችልም፣ በላኦስም በጎጃምም። የትናንቱ ሠርግ ሁሉ፣ ዶሮውም ስግደቱም፣ የልጅቱ «እሺ» ከሌለበት ከዚያ ሜዳ አይለይም። የዚህኛዋ ሙሽራ «እሺ» ነበረበት። ማክሰኞ ማታ ወደዚህ ደጃፍ የመጣችው የራሷን መኪና እየነዳች ነው።

ልወጣ ስል ሙሽራዋ ወጥ ቤት ነበረች። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ለቤተሰቡ ሩዝ ሠርታለች፤ ከሠርጉ በኋላ የመጀመሪያዋ ጠዋት ነው። ጠረጴዛው ላይ የስጦታው ደብተር ተከፍቷል። አጎት፣ 100 ዶላር። አክስት፣ 50 ዶላርና ብርድ ልብስ። የሚቀጥለው ሠርግ የእነርሱ ልጆች ሲሆን ከዚህ እየታየ ይመለሳል። እኔ የሰጠኋትን መጻፍ ፈልጋ ስሜን እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀችኝ። በእንግሊዝኛ ፊደል ስነግራት ብዕሯን ዘረጋችልኝ።

«በራስሽ ፊደል ጻፊው» አለች። «ከዚያ እኔ እለማመደዋለሁ።»

ክሩ የታሰረበትን እጄን ገጹ ላይ አሳርፌ በግዕዝ ፊደል ጻፍሁላት። እርሷም ከሥሩ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ አንድ በአንድ ትገለብጠው ጀመር።